የአሮጌ ላንድሮቨር ሻንሲ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

በዚህ እትም የምንጽፈው በትምህርት ቤታችን ግቢ ጥግ፣ ከግራሩ ሥር፣ ጎማዋ ወልቆ ስለቆመችው ላንድሮቨር ነው። «ያቺ ሬሳ መቼ ነው የምትቀበረው?» የሚል ወረቀት በአስተያየት ሳጥናችን ውስጥ ያገኘነው ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ሬሳ አይደለችም፤ እየታከመች ነው። ሕክምናዋ ምን እንደሆነና ለምን ይህን ያህል ጊዜ እንደፈጀ፣ የብየዳ ክፍል ተማሪዎችም ሆናችሁ ሌሎቻችሁ በሚገባችሁ መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን።

መጀመሪያ እንዴት እዚህ እንደደረሰች እንናገር። መኪናዋ ሲሪስ ሦስት የሚባለው ሞዴል፣ አጭሯ ናት። ወደ ካኩማ ከመምጣቷ በፊት ዕድሜዋን የፈጀችው በሞምባሳ የባሕር ጠረፍ ነው። ለመምህራን ማመላለሻ ስትገዛ ታጥባ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ከሥር ጥቁር ሬንጅ ተለቅልቃ ነበር። የሸጠው ጋራዥ «ሻንሲዋ ብረት ነው» አለ። እኛም አመንን። ከዚያ በአንድ የዝናብ ወቅት፣ የፈተና ወረቀትና ስድስት መምህራን ጭና ታራችን ስትሻገር፣ የግራው የኋላ ባሌስትራ መያዣ ከነሻንሲው ተገንጥሎ ወጣ። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። ከባልደረቦቻችን የአንዱ የቀኝ ትከሻ አጥንት ተሰበረ። ለሁለት ወር ያህል በግራ እጁ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ያየ ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል።

በማግስቱ ከሥር ገብተን ሬንጁን ስንፍቅ፣ ከሬንጁ ሥር ስቱኮ አገኘን። ከስቱኮው ሥር የዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ከቆርቆሮው ሥር የተጠቀጠቀ ጋዜጣ። ከጋዜጣው ሥር ምንም የለም። የዘይት ቆርቆሮ እዚህ ካምፕ ውስጥ በር ይሆናል፣ መስኮት ይሆናል፣ ሰው አይጠላውም። ሻንሲ ግን አይሆንም።

በእኛም በኩል ጥፋት አለ፤ ሳንናገረው ማለፍ አይገባንም። ከዚያ ቀን በፊት ለሳምንታት ከኋላ በኩል ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ እንሰማ ነበር። «ባሌስትራ ነው፣ ይለመዳል» ተባብለን ዝም አልን። ካቻቢቴ ይዞ ከሥር የተኛ አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ሻንሲ ማለት የመኪና አጽም ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው፣ መሪው፣ የሰው መቀመጫው ሁሉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም በተደረገ የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ስለነበር በእንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ነበር የሚታደለው። ስለዚህ ፋብሪካው የመኪናዋን አካል በአልሙኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲዋን ግን በብረት ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ሲሪስ ሦስትም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አልሙኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ኮፋኖው ደህና፣ ፓራፋንጎው ደህና፣ በሩ ደህና ሆኖ ሲያይ «ይህቺ መኪና አትሞትም» ይላል። አካሏ ላይሞት ይችላል፤ አጽሟ ግን ከሥር እያለቀ ነው።

የሻንሲው አሠራር ደግሞ ለዝገት የተመቸ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ድፍን አይደሉም። 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አራት ላሜራ ተበይዶ ባዶ ሣጥን እንዲሆን የተሠራ ነው። ሣጥን መሆኑ ጥሩ ነው፤ ክብደት ሳይጨምር ጥንካሬ ይሰጣል። ክፋቱ፣ ውስጡ ቀለም በደንብ አይደርሰውም፣ ዓይንም አይደርሰውም። ውኃና ጭቃ በየቀዳዳው ይገባል፣ መውጫው ይደፈናል፣ እዚያው ይቀመጣል።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «ካኩማ ደረቅ አይደል እንዴ? እዚህ ዝገት ከየት ይመጣል?» ብላ ጠይቃን ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብረት ለመዛግ ኦክሲጅንና ውኃ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንዱ ከሌለ አይዝግም። በዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሦስት ምስማር በሦስት ብልቃጥ የምናስቀምጠው ለዚህ ነው። ጨው ሲጨመር የውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ ስለሚያድግ ዝገቱ ይፈጥናል። እንግዲህ መኪናችን ጨውን ከሞምባሳ ይዛ ነው የመጣችው። እዚህ ደግሞ ላጋው ሲሞላ ጭቃው ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ጭቃ ከላይ ሲደርቅ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ጨውም እርጥበት ከአየር ይስባል። ዝገት ሲፈጠር ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በተበየደበት ቦታ ዝገቱ መሐል ገብቶ ላሜራዎቹን እንደ መጽሐፍ ይገልጣቸዋል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የመኪናዋን የኋላ አግዳሚ ቁራጭ በሦስተኛው ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ትንሽ መዶሻ፣ ሹል ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽና ጠመኔ ይበቃል። መጀመሪያ ይታጠባል፣ ሬንጅ ካለ ይፋቃል። ሬንጅ ያለበትን ሻንሲ ሳይፍቁ «ደህና ነው» ማለት የታመመን ሰው ከነጋቢው መመርመር ነው። ከዚያ በመዶሻው ሥር ሥሩን መምታት። ደህና ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰ ብረት ደብ ይላል። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ካቻቢቴውን አጥብቆ መውጋት ነው። ከገባ አለቀ። ካልገባም ላሜራው ወደ ውስጥ የሚረግብ ከሆነ ያው ነው። የበሰበሰውን በጠመኔ መክበብ፤ ከዚያም ድምፁ ጥርት ብሎ እስኪመለስ ድረስ ወደ ውጭ መሄድና ሁለተኛ ክብ መሥራት። የሚቆረጠው በሁለተኛው ክብ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ክብ እየቆረጠ ነው። የበሰበሰ ብረት ላይ ሌላ ብረት ቢበየድ ብየዳው ራሱ ይዞት ይወድቃል።

በዚህ ሞዴል ዋና ዋናዎቹ የሚበሰብሱ ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የኋላው አግዳሚ፣ ከዋናው ብረት ወደ ጎን ወጥተው አካሉን የሚሸከሙት ክንፎች፣ የነዳጅ ታንኩን የሚይዘው ክንፍ፣ የባሌስትራ መያዣዎቹና ከኋላ አክሰል በላይ ያለው ጎበጥ ያለ ክፍል። በእንግሊዝ አገር በሚደረገው ዓመታዊ የመኪና ምርመራ፣ ከባሌስትራ፣ ከመሪ፣ ከፍሬንና ከመቀመጫ ቀበቶ መያዣዎች በ30 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ያለ ዝገት ለብቻው በጥብቅ ይታያል። እኛም በክፍላችን ይህን ልክ ወስደናል። ተማሪዎቻችን በ30 ሴንቲ ሜትር ገመድ እየለኩ ክቡን በቀይ ጠመኔ ይሠራሉ። በቀዩ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ልመና የለውም።

ቀዳዳው የት እንዳለም ለውጥ አለው። ቦይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ አስቡ። መሐሉ ላይ ስትቆሙ ሥሩ ይለጠጣል፣ ላዩ ይጨመቃል፣ ወገቡ ግን ያን ያህል አይቸገርም። የሻንሲ ሣጥንም እንደዚያው ነው። የላይኛውና የታችኛው ላሜራ ዋናውን ጭነት ይሸከማሉ። ፋብሪካው ራሱ ሽቦና ቱቦ ለማሳለፍ ቀዳዳ የሚያበጀው በጎን ላሜራው ወገብ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ውኃ ተጠራቅሞ የሚበላው ግን የታችኛውን ነው፤ በጣም የሚያስፈልገውን ማለት ነው። (ከመካከላችን አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ ነው። ከዚያ ሁሉ ደብተር እስከ ዛሬ እንጀራ የሆነለት ይህ ምዕራፍ ብቻ ነው ይላል።)

ታዲያ ይጠገን ወይስ ይቀየር? በእንግሊዝ አገር ለእነዚህ አሮጌ መኪናዎች አዲስ ሻንሲ ሠርተው፣ 450 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክረው የሚሸጡ ወርክሾፖች አሉ። የላንድሮቨር አካል በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈትቶ አዲሱ ላይ ይታሰራል። ሁለቱም ዋና ብረቶች ከሦስት አራት ቦታ በላይ ከበሰበሱ፣ ወይም ሻንሲው ከተጣመመ፣ እውነተኛው መልስ ይኸው ነው። ለእኛ ግን የዕቃውና የማጓጓዣው ዋጋ የሚታሰብ አይደለም። ደግነቱ በጠመኔ ስንከብ የመኪናችን ዋና ብረቶች ከፊትና ከመሐል ደህና ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የኋላውን አግዳሚ፣ ሁለት ክንፎችና የግራውን ብረት የኋላ ጫፍ ቆርጠን በአዲስ ለመተካት ወሰንን። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሞዴል የሻንሲው ቁጥር የተመታው በቀኝ በኩል ባለው የፊት ባሌስትራ መያዣ ላይ ነው። ያንን ክፍል የሚነካ ሰው አስቀድሞ ቁጥሩን ይመዝግብ፣ ፎቶ ያንሣ፣ ፈቃድ ይጠይቅ። ቁጥር የሌለው ሻንሲ በፖሊስ ፊት የተሰረቀ መኪና ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታል። የነዳጅ ታንኩ ይወርድና ራቅ ወዳለ ቦታ ይወሰዳል። «ባዶ ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው፤ ከሙሉ ታንክ ይልቅ በጋዝ የተሞላ ባዶ ታንክ ነው የሚፈነዳው። የፍሬን ቱቦዎች ከአካባቢው ይነሣሉ። ባልዲ አሸዋ አጠገብ ይቀመጣል። መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ ይቆማል፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይገባም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። የብየዳውን ብርሃን ያለ መነጽር ያየ ሰው ሌሊት ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ስለሚያቃጥለው፣ ሕፃናቱ አጥር ላይ ተንጠልጥለው እንዳያዩ ሸራ እንጋርዳለን። አሁን የሚታየው ሸራ ለዚህ ነው እንጂ የምንደብቀው ነገር ኖሮ አይደለም።

ቀጥሎ ልኬት ነው። የሂሳብ መምህራን እዚህ ላይ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። በግራና በቀኝ ብረት ላይ ትይዩ የሆኑ የቡሎን ቀዳዳዎች ይመረጣሉ። ከየቀዳዳው ቱንቢ ወደ መሬት ይጣልና በጠመኔ ነጥብ ይደረጋል። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ይለካል። ሻንሲው ካልተጣመመ ሁለቱ ዲያጎናሎች እኩል ናቸው። ለአዲሱ አግዳሚ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስንፈልግ 60፣ 80 እና 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን በገመድ ሠራን። «ፒታጎራስ ምን ያደርግልናል?» ይሉን የነበሩ ልጆች ገመዱን ሲይዙ ነው የገባቸው።

አዲሱ ብረት 2 ወይም ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሁን። ከዋናው በጣም የወፈረ አይበጅም፤ ጭነቱ ድንገት በሚለወጥበት መስመር ላይ ዋናው ይሰነጠቃል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ከመሳሳቱ ሌላ የሚያብለጨልጨው ልባሱ ዚንክ ነው፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚተን ብየዳው ሲነካው ነጭ ጭስ ይሆናል። ያንን ጭስ የተነፈሰ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ዚንክ ያለበት ብረት መበየድ ግድ ከሆነ ልባሱ አስቀድሞ በግራይንደር ይነሣል፣ ሥራውም አየር ባለበት ሜዳ ይሆናል።

አቆራረጡ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዋናውን ብረት እንደ ሸንኮራ አገዳ ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው፤ ስህተትም ነው። ብየዳ አጠገቡ ያለውን ብረት ጠባይ ይለውጣል፤ ያ የተለወጠ መስመር በሣጥኑ ዙሪያ በአንድ ቦታ ከዋለ እዚያው ይሰበራል። ስለዚህ የላዩን ላሜራ በአንድ ቦታ፣ የሥሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ ጎኖቹን ሰያፍ አድርገን ቆረጥን። ከውጭ የሚደረብ ማጠናከሪያ ካለም ሮምበስ ቅርጽ ቢኖረው ይሻላል፤ ሹል ጫፉ በሻንሲው ርዝመት አቅጣጫ ይሆናል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ጭነቱን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፣ ሹሉ ጥቂት በጥቂት።

ብየዳው 6013 የተጻፈበት፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነው፤ በ70 አምፔር አካባቢ። መጀመሪያ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃል። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጥብ ነጥብ ይደረጋል፣ እንደገና ይለካል። ከዚያ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በይዶ ወደ ተቃራኒው ጎን መሄድ፣ እዚያም ያንኑ ያህል፣ ከዚያ መመለስ። እስኪበርድ መታገሥ ነው፤ ውኃ አይፈስበትም። በመጨረሻ ግን መስመሩ ሳይቋረጥ መገጣጠም አለበት፤ ክፍተት ከተተወ ውኃው በዚያ ይገባል።

ይህን ሁሉ አውቀን እንኳ ተሳስተናል። የመጀመሪያውን ቀን ጄኔሬተሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጠፋ ስለነበር ተጣደፍንና የግራውን ጎን በአንድ ትንፋሽ በየድነው። በማግስቱ ስንለካ ዲያጎናሎቹ በ9 ሚሊ ሜትር ተለያይተዋል። ሙቀቱ ጎትቶታል። ሁለት ቀን የፈጀውን ሥራ በግራይንደር ቆርጠን ጣልነው። ሥራው ለምን እንደዘገየ የጠየቃችሁን፣ አንዱ ምክንያት ይኸው።

ያን ቀን ነው አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ከምንለፋ ስቱኮ ብንለቀልቅበትስ ማን ያያል?» ያለን። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ከጁዋ ካሊ ሠራተኞች ጋር እየዋለ ቤተሰብ ይደጉማል፤ እዚያ ደንበኛ የሚከፍለው ለሚያብለጨልጭ ነገር እንደሆነ በዓይኑ አይቷል። እኛም የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። ያ የተሰበረው ባልደረባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ምንም አልተናገረም። ቀኝ ክንዱን ወደ ላይ አነሣ፤ ትከሻው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በላይ አይሄድለትም።

በኋላ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ፓራፋንጎ ላይ ስቱኮ ነውር የለውም፤ ፓራፋንጎ ሰው አይሸከምም። ሻንሲ ሲሆን ደንበኛውን ከሥር አስገብቶ ቀዳዳውን በራሱ ጣት ማስነካት ነው። ዋጋውን ሰምቶ እንቢ ካለ መተው። ሌላ ሰው ወስዶ ሊለቀልቅለት ይችላል፤ ይህን መከልከል አንችልም። ገንዘቡ የሚቀርበት ተማሪ እንደሚኖርም እናውቃለን፤ ቀላል ነው ብለን አንዋሽም።

ከብየዳ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዕድሜውን የሚወስነው እሱ ነው። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በምስማር ይከፈታሉ። ውጩ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዋናው ቀለም ይቀባል። ለሣጥኑ ውስጥ ሰም ወይም ወፍራም ዘይት በረጅም ቱቦ ይረጫል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጠቀሙ አሉ፤ ከምንም ይሻላል፣ ነገር ግን ቆዳ ይጎዳል፣ መሬቱንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ጓንት ይደረግ፣ ከሥር ዕቃ ይቀመጥ። አልሙኒየሙ ከብረቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቁራጭ እናስገባለን። ሁለቱ እርጥበት ላይ ሲነካኩ አልሙኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል። የድሮ ካላማዳሪ ለዚህ በቂ ነው።

እስካሁን የኋላው አግዳሚ፣ የግራው ጫፍና አንዱ ክንፍ ተጠናቅቀዋል። የሚቀረው የነዳጅ ታንኩን የሚይዘው የቀኝ ክንፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንለካለን። መምጣት የምትፈልጉ የተሸፈነ ጫማና ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ ልበሱ፤ ናይለን ብልጭታ ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ሜትሩን የሚይዘው ያው ባልደረባችን ነው። 2 ሚሊ ሜትር ስህተት እንኳ አያሳልፍም፤ ከወዲሁ እንንገራችሁ።